ከማማው ጫፍ እስከ መሣሪያው፦ የኮአክሲያል ኬብል ታሪክና የሪፒተር አስተማማኝነት ጥያቄ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ አንድ ጥቁር ገመድ ነው። በሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ሰው የሚያደንቀው አንቴናውን ነው፤ ከፍ ብሎ ይታያልና። አለዚያም መሣሪያውን ያደንቃል፤ መብራት ያበራል፣ ድምፅ ያሰማልና። ሁለቱን የሚያገናኘው ኬብል ግን በማማው እግር ላይ ታስሮ፣ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት፣ ልብ የሚለው ሳያገኝ ይኖራል። የሚታወሰው የተበላሸ ዕለት ነው። በዚያም ዕለት ቢሆን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላው ዕቃ ሁሉ ሆኖ፣ ኬብሉ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሆናል።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሙያው እንግዳ ለሆነባችሁ አድማጮች ሁለት ቃላት ላብራራ። አማተር ሬዲዮ ስንል፣ ለገንዘብ ጥቅም ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለአገልግሎት ሲሉ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉትን የሬዲዮ ግንኙነት ማለታችን ነው። በአገራችንም በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ይገኛል። ሪፒተር የምንለው ደግሞ በተራራ ወይም በረጅም ሕንፃ አናት ላይ ተቀምጦ፣ ደካማውን የእጅ ሬዲዮ ድምፅ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ፣ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲና በከፍተኛ ኃይል መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። በሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ከተራራው ማዶ ካለው ጋር የሚነጋገረው በእርሱ አማካይነት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የኬብል ምርጫ ለምን የታሪክ ገለጻ ርእስ ይሆናል? ኬብል የሚመረጠው ሠንጠረዥ አይቶ አይደለምን? በ100 ሜትር ስንት ዲሲቤል እንደሚጠፋ ተጽፎ ይገኛል፤ ጥቂት የሚያባክነውን፣ ዋጋውም የሚስማማውን መግዛት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር፤ ያ አነጋገር ያመጣብኝን መዘዝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለአሁኑ ይህን ብቻ ልበል፦ ሠንጠረዥ የሚነግረን አዲስ ኬብል በቤተ ሙከራ ውስጥ በአንድ ቀን ያሳየውን ጠባይ ነው። አስተማማኝነት ግን የዓመታት ጉዳይ ነው፤ ዓመታት ያደረጉትን መዝግቦ የሚያቆይልን ደግሞ ታሪክ ነው።

ታሪኩን ከባሕር በታች እንጀምረው። በኦገስት 1858 አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን የሚያገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ኬብል ተዘረጋ። በመካከሉ የመዳብ ሽቦ፣ በመዳቡ ዙሪያ ጉታ ፐርቻ የተባለ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች የሚገኝ ሙጫ፣ ከዚያ ውጭ የተጎነጎኑ የብረት ሽቦዎች ነበሩት። አሠራሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ያ ኬብል ዛሬ ኮአክሲያል የምንለውን ቅርጽ የያዘ ነበር፦ በመካከል አንድ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ብረት፣ በዙሪያው ሌላ ብረት፣ በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መለያ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕሬዚዳንት ቡካናን የላከችው 98 ቃላት ያሉት መልእክት እስኪተላለፍ ከ16 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ፈጀ። እንዲያም ሆኖ ደወል ተደወለ፣ ርችት ተተኮሰ። ኬብሉ ግን አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ዝም አለ። የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል እንዲሉ ነው።

ለምን ዝም አለ? በዘመኑ ጣት የተቀሰረው በኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ በዋይልድማን ዋይትሃውስ ላይ ነበር። ዋይትሃውስ በትምህርቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ዊሊያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የግላስጎው ሊቅ፣ የኬብሉ ርዝመት ሲጨምር የመልእክቱ መዘግየት በርዝመቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግ በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ዋይትሃውስ ይህን አልተቀበለም። ምልክቱ ሲደክምበት ወደ 2000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቀበት፤ ቀድሞም የታመመው ኬብል በዚያ ሞተ። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ኬብሉ በጥድፊያ የተሠራ ነበር። ከመርከብ ከመጫኑ በፊት ሜዳ ላይ ተከምሮ ፀሐይ ሲመታው ጉታ ፐርቻው ላልቶ፣ የመዳቡ ሽቦ በየቦታው ከመካከል ወደ ዳር ሸሽቷል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የአሠራሩም፣ የአያያዙም፣ የጥድፊያውም ጭምር ነበር።

እንግሊዞች ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። መንግሥትና ኩባንያው በጋራ አጣሪ ኮሚቴ አቁመው፣ ምስክር ሰምተው፣ በ1861 ዘገባ አወጡ። በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው መርከብ አዲስ ኬብል ስትዘረጋ የመካከሉ መዳብ መጠን ከቀድሞው ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ፣ መለያውም ወፍሮ፣ ኬብሉ ከፋብሪካ እስከ መርከብ ድረስ በውሃ ገንዳ ውስጥ እየተጠበቀ ነበር። ይህኛው ሠራ። ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ኬብል ሲመረጥ የሚያዝበትና የሚዘረጋበት መንገድም አብሮ መመረጥ እንዳለበት ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የሚሰጠን ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። በ1850 በለንደን ተወለደ፤ በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ተወ፤ ጥቂት ዓመታት የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ፤ በ1874 ያንንም ትቶ ከወላጆቹ ቤት ተቀምጦ ብቻውን ሒሳብ ይሠራ ጀመር። በ1880፣ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ሳለ፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሽቦዎች የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እየዘለለ የሚፈጥረውን መረበሽ ለማስቀረት አንዱን ሽቦ በሌላው ቱቦ ውስጥ ማኖርን የሚገልጽ ፓተንት በእንግሊዝ አገር አወጣ። የኮአክሲያል ኬብል ሐሳብ በግልጽ የተጻፈው በዚያ ነው።

ከዚህም በላይ፣ በፍጥነት የሚቀያየር ኤሌክትሪክ በሽቦው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በቆዳው ላይ እንደሚሄድ ካስረዱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሄቪሳይድ ነው። ይህን ነጥብ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። አማተሮች በብዛት ሪፒተር በሚተክሉበት በ146 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ኤሌክትሪኩ በመዳብ ላይ የሚጠልቀው ከ6 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ ይህም የአንድ ጠጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኬብል ማለት የብረት ገጽ ማለት ነው። የገጹ ንጽሕና የኬብሉ ጤና ነው።

ሄቪሳይድ ከፓተንቱ ሀብት አላፈራም። በ1887 የስልክ መስመሮች ድምፅን ሳያዛቡ የሚያስተላልፉበትን መንገድ በሒሳብ ሲያሳይ፣ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሥልጣን የነበረው ዊሊያም ፕሪስ ተቃወመው፤ ጽሑፉም እንዳይወጣ አደረገ። ፕሪስ በልምዱ የሚታመን ሰው ነበር። የዋይትሃውስንና የፕሪስን ነገር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ወጣት፣ የቴክኖሎጂ ታሪክ ማለት ሒሳብ ልምድን ድል የነሣበት ታሪክ ነው ብሎ ቢደመድም አይደንቅም። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስተምር ነበር።

የሄቪሳይድ ሐሳብ ሥራ ላይ የዋለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ነው። በ1929 የአሜሪካ የስልክና የቴሌግራፍ ኩባንያ መሐንዲሶች የነበሩት ሎይድ ኤስፐንሺድና ኸርማን አፍል ሰፊ ፍሪኩዌንሲ የሚያሳልፍ የኮአክሲያል መስመር ሥርዓት ለፓተንት አቀረቡ፤ ፓተንቱም በ1931 ተሰጣቸው። በ1936 በኒውዮርክና በፊላደልፊያ መካከል የሙከራ መስመር ተዘረጋ፤ በዚያው ዓመት በጀርመን የበርሊን ኦሎምፒክ የቴሌቪዥን ሥዕል በኮአክሲያል ኬብል እስከ ላይፕሲግ ተላከ። በ1941 በሚኒያፖሊስና በስቲቨንስ ፖይንት መካከል የመጀመሪያው የንግድ አገልግሎት ተጀመረ። በእነዚህ ረጃጅም መስመሮች ላይ የሚደክመውን ምልክት በየተወሰነው ርቀት የሚያጎለብቱ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ስማቸውም ሪፒተር ነበር። በዚያ ዘመን ሪፒተሩ ኬብሉን ያገለግል ነበር፤ ዛሬ በተራራ አናት ላይ ኬብሉ ሪፒተሩን ያገለግላል።

በዚህ መካከል የመለያው ቁስ ነገር ተለወጠ። በማርች 1933 በእንግሊዝ አገር በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን ስለ ሌላ ነገር ሲመራመሩ፣ በከፍተኛ ግፊት ያኖሩት ጋዝ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር ሆኖ አገኙት። ፖሊኢቲሊን ነበር፤ ዛሬ በፌስታል መልክ በየጓሮው የምናየው ነው። ፋብሪካው ሙሉ ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1፣ 1939፣ ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ዕለት ነው። የራዳር ኬብል ውሃ የማይጠጣ፣ የሚታጠፍ፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኃይል የማያባክን መለያ ይፈልግ ስለ ነበር፣ አዲሱ ቁስ በቀጥታ ወደ ጦርነቱ ገባ።

የአሜሪካ ጦርም ኬብሎቹን በቁጥር መደባቸው። ዛሬ አር.ጂ.8፣ አር.ጂ.58፣ አር.ጂ.213 እያልን የምንጠራቸው ስሞች ከዚያ የጦር ሠራዊት አመዳደብ የመጡ ናቸው። የኬብሉ ኢምፔዳንስ በ50 ኦም መወሰኑም ማመቻመች ነው፤ በአየር ለተለየ ኬብል ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመው በ30 ኦም አካባቢ፣ አነስተኛ ብክነት የሚያሳየው በ77 ኦም አካባቢ ሲሆን፣ 50 በሁለቱ መካከል ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተረፈው ኬብል፣ ማያያዣና ሬዲዮ በርካሽ ሲሸጥ አማተሮች ገዙት። የአማተር ሬዲዮ ልማድ የተሠራው በአብዛኛው ከዚህ የጦርነት ትርፍራፊ ነው።

የድምፅ ሪፒተር በአማተሮች ዘንድ የታየው በ1950ዎቹ ነው፤ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አርተር ጀንትሪ የሠራው ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። በ1960ዎቹ የንግድና የፖሊስ ሬዲዮዎች ወደ ጠባብ ቻናል እንዲዛወሩ ሲታዘዝ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች በአማተሮች እጅ ገቡ፤ በ1970ዎቹም ሪፒተር በየተራራው በዛ። ከመሣሪያው ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ። አንድ አማተር ከቤቱ ሲነጋገር ወይ ይናገራል፣ ወይ ይሰማል። ሪፒተር ግን በአንድ አንቴናና በአንድ ኬብል እየተናገረ ይሰማል።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአሃዝ ላሳያችሁ። አሰራጩ 50 ዋት ያወጣል እንበል። ተቀባዩ ደግሞ ጥቂት ቢያጥር 0.000000000000001 ዋት የሆነውን ደካማ ምልክት መስማት አለበት። ልዩነቱ 5 ብለን 16 ዜሮ ብንደረድር የሚገኘው እጥፍ ነው። የሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ልዩነት በሁለት ሜትር ባንድ ላይ ብዙ ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚለየው ዱፕሌክሰር የሚባለው የማጣሪያ ሣጥን ነው፤ የአሰራጩን ኃይል ከተቀባዩ ይከለክላል። ሆኖም ከዱፕሌክሰሩ በላይ፣ በኬብሉ ውስጥ ወይም በአንቴናው ላይ፣ ያ 50 ዋት በተቀባዩ ፍሪኩዌንሲ ላይ ጥቂት ጫጫታ ቢፈጥር፣ ማጣሪያው ሊያግደው አይችልም፤ ሊሰማ ከሚገባው ምልክት ጋር በአንድ በር ይገባልና። እንግዲህ ኬብሉ ከሚያባክነው ኃይል በተጨማሪ የሚፈጥረው ጫጫታም ይታሰብ ዘንድ ግድ ነው። ይህን ጫጫታ በተራ ሠንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ከ20 ዓመት በፊት የዶክትሬት ትምህርቴን በአሜሪካ በአንድ ተራራማ ግዛት ስከታተል፣ በከተማይቱ የአማተር ሬዲዮ ክለብ አባል ነበርሁ። የክለቡ ሪፒተር በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ነበር፤ ወደ ማማው የሚወጣው ወፍራም ኬብል በመብረቅ ተበላሸ። በስብሰባው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው፣ በስልክ ኩባንያ አገልግለው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ያቀረቡት ነው፤ ከፈረሰ ጣቢያ የወጣ፣ ውጫዊ ብረቱ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ ወጥ የመዳብ ቱቦ የሆነ፣ ያገለገለ ኬብል እንግዛ አሉ። ከባድ ነው፣ እንደ ልብ አይታጠፍም፣ ማያያዣው ውድ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ የእኔ ነበር። ዘመን አመጣሽ የሆነ፣ ቀላል፣ አዲስ ኬብል አለ፤ ውጫዊ መከለያው በመለያው ላይ የተለጠፈ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና በላዩ የተጎነጎነ በቲን የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ነው።

ሠንጠረዤን ዘረጋሁ። በ30 ሜትር ርዝመትና በ146 ሜጋኸርዝ፣ ቀጭኑ አር.ጂ.58 ወደ 6 ዲሲቤል ያባክናል፤ ከኃይሉ ሩብ ብቻ አንቴናው ይደርሳል። አር.ጂ.213 ከ3 ዲሲቤል ጥቂት ያነሰ ነው፤ ግማሹን ይወስዳል ማለት ይቻላል። የእኔ ኬብል 1.5 ዲሲቤል፣ የሽማግሌው ባለ ግማሽ ኢንች ኬብል ደግሞ 0.8 ዲሲቤል ገደማ ነው። ልዩነቱ 0.7 ዲሲቤል ነው፤ ይህን ማንም ጆሮ አይለየውም አልሁ። እሳቸው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ “አሃዝህ ልክ ነው፤ እኔ የምጠይቅህ ግን በአምስተኛው ክረምት ስንት እንደሚሆን ነው” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን እንደ ሽማግሌ ግትርነት ቆጠርሁት። ክለቡ ገንዘብ አጥሮት ስለ ነበር የእኔ ሐሳብ አሸነፈ።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፤ ሰዎችም አመሰገኑኝ። በሁለተኛው ክረምት ነፋስ ሲነፍስ ሪፒተሩ ይንኮሻኮሽ ጀመር። መስመሩን በመለኪያ አየሁት፤ ወደ መሣሪያው የሚመለሰው ኃይል ኢምንት ነው፤ አንዳች እንከን አልታየኝም። ስለዚህ ተቀባዩን ጠረጠርሁ፣ ቀጥሎም ዱፕሌክሰሩን ጠረጠርሁ። ኬብሉን አልነካሁትም። የእኔ ኬብል ነበርና።

በዚያው ክረምት አንድ ምሽት በተራራው ላይ መንገድ የጠፋው አንድ ሰው ይፈለግ ነበር። ከፈላጊዎቹ አንዱ ከሸለቆው ማዶ ሆኖ በ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ የሰውየውን ዱካ ማግኘቱን ይናገራል። ሪፒተሩ የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ አሰራጩን ያበራል፤ አሰራጩ ሲበራ ኬብሉ ይንጫጫል፤ ጫጫታው ደካማውን ምልክት ይሸፍነዋል፤ ምልክቱ ሲጠፋ አሰራጩ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ምልክቱ እንደገና ይሰማል። እንዲህ እየበራና እየጠፋ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ እኛ የሚደርሰው ግማሽ ቃል ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል በዚህ ጠፋ። በመጨረሻ ፈላጊው ራሱ ወደ መኪና መንገድ ወርዶ ነገረን። የጠፋው ሰው ሲነጋ በሕይወት ተገኘ፤ ብርዱ ግን የእግሩን ጣቶች ጎድቶ ነበር። የወቀሰኝ ሰው የለም። ሽማግሌውም አንዲት ቃል አልተናገሩኝም።

በሳምንቱ ከእሳቸው ጋር ወደ ተራራው ወጣን። የሠሩት ፈተና ቀላል ነበር። በመጀመሪያ በኬብሉ ቦታ ኃይል የሚውጥ መፈተኛ ጭነት አሰሩ፤ ደካማ ምልክት አስገብተው አሰራጩን አበሩ፤ ምልክቱ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ኬብሉን መልሰው አሰሩና እኔ በእጄ እንዳወዛውዘው አደረጉ። ተቀባዩ በጫጫታ ተሞላ። ኬብሉን አውርደን ስንሰነጥቀው፣ በአሉሚኒየሙ ቅጠልና በተጎነጎነው ሽቦ መካከል ግራጫ ዱቄት አገኘን።

ምክንያቱን አሁን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በብረቱ ቆዳ ላይ ነው ብለናል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሺህ በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ እየተነካኩ፣ ነፋስ እያፋተጋቸው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ እያለጠጣቸውና እያሳጠራቸው፣ ጥቂት እርጥበት ሲጨመርበት ይዝጋሉ። የዛገ ንክኪ ኤሌክትሪክን በቀጥታ አያሳልፍም፤ ይቆራርጠዋል፣ ያዛባዋል። ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚወጣው ጫጫታ ኢምንት ነው፤ ሪፒተሩ የሚሰማው ምልክት ግን ከእርሱ ያነሰ ኢምንት ነው። የእኔ መለኪያ ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል እንጂ ጫጫታን አይለካም፤ ስለዚህ ኬብሉ ደህና ነው አለኝ። ያገኘሁት መልስ ለጠየቅሁት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ጥያቄዬ ላይ ነው።

ለፍትሕ ስል ይህን ልጨምር። ያ የኬብል ዓይነት መጥፎ ዕቃ አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ወይ እየተናገረ ወይ እየሰማ ለሚሠራበት ጣቢያ፣ ወይም ለመቀበያ ብቻ ለሚውል መስመር መልካም ነው። ያለ ቦታው ያዋልሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ለሪፒተር ኬብል የሚመርጥ ሰው ምን ያድርግ? ለዋናው መስመር ውጫዊ ብረቱ ወጥ የመዳብ ቱቦ የሆነውን ይምረጥ። ወጥ ብረት ራሱን በራሱ አያፋትግም፤ ውሃም በጎኑ አይገባበትም። በየከተማችን በሞባይል ስልክ ማማዎች ላይ ሲወጣ የምናየው ወፍራም ጥቁር ኬብል የዚሁ ዘር ነው። ርዝመቱ ከፍ ካለ ባለ ሰባት ስምንተኛ ኢንቹን ይውሰድ፤ በ30 ሜትር ግማሽ ዲሲቤል እንኳ አያባክንም። መለያው በአየር የተሞላውን ሳይሆን አረፋማውን ይምረጥ፤ በአየር የተሞላው ደረቅ አየር ወይም ናይትሮጅን በግፊት ሁልጊዜ ይፈልጋል፣ ይህንንም የሚከታተል ሰው በተራራ አናት ላይ አይገኝም። በመሣሪያዎቹ መካከል ለሚታሰሩት አጫጭር ኬብሎች ድርብ መከለያቸው በብር የተለበጠ መዳብ የሆኑትን፣ ለምሳሌ አር.ጂ.214ን፣ ይጠቀም። ማያያዣው ውሃ የሚከለክል ጎማ ያለው የኤን ዓይነት ይሁን። ከጦርነቱ በፊት የተወረሰው ፒ.ኤል.259 ለውሃ በር ይከፍታል፤ በላዩ አስማሚ በአስማሚ መደራረብ ደግሞ የንክኪ ነጥቦችን ማብዛት ነው።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶቻችን። ምርጡ ኬብል በክፉ አያያዝ ይሞታል፤ በ1858 ፀሐይ ላይ የተከመረውን አስታውሱ። ባለ ግማሽ ኢንቹ ኬብል ከ12.5 ሴንቲሜትር ባነሰ ራዲየስ ከታጠፈ ይሰበራል። በየሜትሩ ገደማ ከማማው ጋር ይታሰር፤ ነፋስ አያወዛውዘው። በማማው ጫፍ፣ በማማው እግርና ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ ክረምት በገባ ቁጥር የደጋ መብረቅ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠልና ውሃው ከዚያ ይንጠብጠብ። ያገለገለ ኬብል የሚገዛ ሰው የተጨፈለቀ ቦታ እንዳለው በእጁ እየዳበሰ ይመርምር። ከሁሉም በላይ፣ በተተከለ ማግስት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ፣ አሰራጩ በሙሉ ኃይሉ በርቶ፣ ደካማ ምልክት በማስገባት ይፈተን።

ቀደም ሲል የቴክኖሎጂ ታሪክ ሒሳብ ልምድን ድል የነሣበት ታሪክ ነው ብዬ አስተምር እንደ ነበር ተናግሬአለሁ። ከዚያ ክረምት ወዲህ እንዲህ አላስተምርም። ዋይትሃውስና ፕሪስ የወደቁት ልምድ ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ልምዳቸው ያላሳያቸውን ነገር የሚነግራቸውን ሰው ለመስማት እምቢ ስላሉ ነው። እኔም የወደቅሁት ሒሳብ ስለማውቅ አይደለም። ሒሳቤ ያላካተተውን ነገር የሚነግረኝን ሰው ስላልሰማሁ ነው። ሽማግሌው ብዙ ክረምት አይተዋል፤ እኔ ሠንጠረዥ አይቻለሁ። ሁለታችን በአንድ ላይ ብንመክር ኖሮ የዚያ ሰው እግር ሳይጎዳ ይቀር ይሆናል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ በየተራራችን ላይ ማማ የምትተክሉ እናንተ ናችሁ። የመሣሪያውን ዋጋ የሚከፍል ድርጅት ለኬብሉ ሲደርስ ይቆጥባል፤ ኬብል በምረቃ ቀን አይታይምና። በዚያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው ሠንጠረዥ የሚነግራችሁን ንገሩት፤ ከዚያም ያንን ተራራ ለዓመታት ሲወጣና ሲወርድ የኖረውን ቴክኒሺያን ጥሩና በአምስተኛው ክረምት ምን እንደሚሆን ጠይቁት። የእኔ ሽማግሌ ያገለገለው ኬብል፣ በዚያ ሳምንት ከሰቀልነው በኋላ፣ ከአገሩ እስክወጣ ድረስ አንድም ቀን ሲንኮሻኮሽ አልሰማሁትም።